የዱጉማ ቁርጭምጭሚት

ልጄ ሮበሌ፣ የምትሮጥበትን የቡልጋሪያ መንገድ ሁሉ ፈጣሪ ጨርቅ ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

ወንድምህ ዱጉማ ለጎፋ ቡድን ሲሮጥ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት ነበር። ወጌሻው ጋሽ እንግዳ በቅቤ አሽተው በሳምንቱ አዳኑት። እጃቸው ምነው ባይፈጥን! ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ጤነኛ ወጣት እየመዘገበ ነው። ፋሻውን እስካሁን አልፈታሁለትም፤ ሰው ሲመጣ አንክስ ስለው ግን እምቢ ይለኛል። ትናንት ጓሮ ሲሮጥ አይቼው እየጎተትሁ ቤት አስገባሁት።

አንተን ያምንሃል። ጅማት ሦስት ወር ካላረፈ አይድንም ብለህ ጻፍለት፣ እባክህ ልጄ። ይህን በሰው እጅ ነው የላክሁት፤ አንብበህ ቅደደው።

አምላክ ላንተ እግር ብርታት ይስጠው። የሱን ግን ጥቂት ያቆይልኝ።

እናትህ ጤናዬ