ባለቤት ያለው ኮት

የሆዴ ፍሬ፣ የምትረግጠው መሬት ይለስልስልህ፤ ያየህ ሁሉ ይውደድህ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል፤ እህትህም ሥራ ቀይራ ፊቷ በርቷል። አንተም ምግብህን በሰዓቱ ብላ፤ ፀጉርህ ሳይደርቅ ከቤት አትውጣ።

አባትህ "ደህና ነህ?" ብሎ ስልኩን ወዲያው ለእኔ ስለሚያቀብለኝ አትቀየመው። እሱ ሆዱ ሲባባ አፉ ይቆለፋል። የሄድክ ዕለትም አላለቀሰም፤ ሱቁ ገብቶ የስፌት መኪናውን ዘይት ሲቀባ ዋለ።

ሰሞኑን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኮት ሰፋ። ዘበኛው በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው። ሲሞክረው እጅጌው አጠረው፣ ትከሻው ጠበበው።

"ጋሼ፣ ይሄ የማን ልክ ነው?" ብሎ ሳቀ።

"ጨርቁ ነው የተሰበሰበው" አለ አባትህ።

እኔ ግን ገና ሳየው አወቅሁት። ግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ የተቆረጠው ዘንበል ላለው ላንተ ትከሻ ነው። ለካ እጁ ሳያስበው ያንተን ልክ ቆርጦ ኖሯል።

ለዘበኛው ሌላ ሰፋለት። ያኛው ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። ሰው ልግዛው ሲለው "ባለቤት አለው" ይላል፤ ጠዋት ጠዋት አቧራውን ያራግፍለታል።

ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ እንጀራህ ይባረክልህ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ስትደውል "ናፍቀኸኛል" አትበለው፤ ይደነግጥና ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል። ባይበርድህም "አባዬ፣ በርዶኛል" በለው። የቀረውን እሱ ያውቅበታል።

እናትህ