ሐሙስ ጠዋት የወደቅኩት እኔ ነኝ

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ ብርድ ሲነካው የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? የልጅ ልጄስ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እህትህም ደህና ናት፤ እንዲያውም ከሁላችን ደህናዋ እሷ ናት። የምነግርህም እሱን ነው።

ጽሑፉ ከተንጋደደብህ ታገሠኝ። ሌላ ጊዜ የሚጽፍልኝ የፋርማሲው ሰውዬ ነበር። እሱ ግን እኔ በቁጣ የነገርኩትን በስኳር ለውሶ ነው የሚያሰፍረው፤ "አልፈልግም" ስለው "ባይሆን ደስ ይለኛል" ብሎ ይጽፋል። ይኼኛው እንዲለሰልስ ስላልፈለግኩ እስክሪብቶውን ራሴ ይዣለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። እህትህን ለዚያ የእንክብካቤ ማእከል አሳልፌ እንድሰጥ የምፈርምበት ወረቀት ማለቴ ነው። ፎቶግራፉንም አየሁት፤ አልጋው ንጹሕ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ትልቅ ነው። አክስትህ ደውላ "አባትህ ፈረስ ሲስብ ወደቀ፤ ልጅቷንም ሊያስጨርሳት ነበር" እንዳለችህ አውቃለሁ። አክስትህ እዚያ አልነበረችም። እሷ ፈረስ የምታውቀው በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። እንዴት እንደወደቅኩ ከወደቀው ሰውዬ ስማ።

ሥራውን መቼም አልረሳኸውም። ሐኪሞቹ ራሷን ችላ አትቀመጥም ያሏትን ልጅ ሐሙስ ሐሙስ አካል ጉዳተኞችን ፈረስ ወደሚያስጋልቡበት ሜዳ ወስደን ፈረስ ላይ ስናወጣት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አንድ ሞላት። አንተም ስድስት ዓመት ሙሉ በቀኝ በኩል ጉልበቷን ይዘህ ሄደሃል። ክንዴ ዛለ ብለህ ስታለቅስ እናትህ በግራ በኩል ሆና ትስቅብህ ነበር። ፈረሱ ላይ የምትወጣበትን መወጣጫ የገነባሁት እኔ ነኝ፤ ወገቧ ላይ የሚታሰረውን ባለ እጀታ ቀበቶ የሰፋችው እናትህ ናት። ገመዱን የሚስበው ሰው ደግሞ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው፤ ዞር ካለ ፈረሱ ይቆማል። ስለዚህ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ከፊት ከፊት ስሄድ፣ ልጄ ስትጋልብ ምን እንደምትመስል አይቼ አላውቅም። በጆሮዬ ብቻ ነበር የማውቃት።

ያን ሐሙስ ጠዋት ቀኙን የያዘችው ጡረታ የወጣችው ነርስ ናት፤ ግራውን ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው። ፈረሱ እንዲሻገራቸው መሬት ላይ የተጋደሙት እንጨቶች ጋ ስንደርስ እህትህ "ልቀቁኝ" አለች። ምላሷ እንደሚዘገይ ታውቃለህ፤ ይህቺን ግን ጥርት አድርጋ ነው ያወጣቻት። እዚያ ደንቡ ጋላቢው ልቀቁኝ ካለ ይለቀቃል ነው፤ እሷ ግን እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ብላው አታውቅም። ለቀቋት። እኔ ሞኙም ዞር አልኩ። እንጨቱ እግሬን ጠለፈኝና በጉልበቴ ተደፋሁ።

ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነርሷ ልትይዛት እጇን ስትሰድ "አትንኪኝ" አለቻት። ከዚያ ጋማውን ጨብጣ ቁልቁል አየችኝና "አባዬ፣ ተነስ" አለችኝ። ልብ በል! ማንም ሳይዛት ፈረስ ላይ የተቀመጠችው እሷ፣ ጭቃ ላይ የተዘረጋሁት እኔ። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያልፈው፣ "ጋሽ ሲሚንቶ፣ ዛሬ ራስዎን መሬት ላይ ለሰኑት እንዴ?" አለኝ። እዚያ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። አንተ ሄደህ ሊጥህን አቡካ አልኩት።

የሜዳው ኃላፊ ደንቧን ይዛ ከቢሮ ወጣች። ከሰባ አምስት ዓመት ያለፈ ሰው ገመድ አይዝም አለችኝ። እንደ ፈረስ ዕድሜ ከተቆጠረ ዳማው ፈረሳችን ይበልጠኛል፤ አስቀድመሽ እሱን አሰናብቺ አልኳት። ሳቀች፤ ገመዱን ግን ተቀበለችኝ። አሁን የሚስበው የአውቶቡስ ሹፌር የነበረ ሰውዬ ነው፤ በየማእዘኑ ፌርማታ ያለ ይመስል ፍሬን ይይዛል። እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጬ እጮህበታለሁ። ዝም በሉ ብለውኛል፤ ዝም አላልኩም።

ከአጥሩ ሥር ሆኜ ግን አየኋት። ግንበኛ ነኝና ቀጥ ያለ ነገር አይጠፋኝም። ቱምቢ ቢጣልባት ከራሷ እስከ ተረከዟ ውልፍት አትልም። ቤት ውስጥ ወንበሯ ላይ እንደ ከረጢት ወደ ጎን የምትዘነበለዋ ልጅ ናት እኮ! እናትህ "ዛሬ ብታያት" ስትለኝ የእናት ወግ ይመስለኝ ነበር። ይቅር ትበለኝ።

ወረቀትህን ከእሷ አልደበቅኩም። ቁርስ ላይ እየተንተባተብኩም ቢሆን እስከ ታች አነበብኩላት፤ ፎቶግራፉንም እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ፎቶግራፉን አገላብጣ አየችው። ከዚያ "ሐሙስስ?" አለችኝ። አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ? ወረቀቱ ላይ የምግብ ሰዓት አለ፣ የመኝታ ሰዓት አለ፤ ሐሙስ የሚባል ነገር ግን የለም። አልፈረምኩም፣ አልፈርምም። በመጣበት ፖስታ መልሼልሃለሁ።

ስትሞትስ ትለኛለህ። ጥያቄህ ጥያቄ ነው፤ እኔም ጉልበቴን ሳሽ አስቤበታለሁ። ነርሷ ልጆቿ ትዳር ይዘው ወጥተውላታል፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። "ጋሼ፣ ክፍል ካለዎት እርስዎ ኖሩም አልኖሩም ከእሷ ጋር ልኑር" አለችኝ። የተቸገርኩ እንዳይመስላት አንድ ሳምንት አስጠበቅኳትና እሺ አልኩ። እሁድ ዕለት ዕቃዋን አስገባች። የገባችው አንተ ክፍል ነው፤ መጻሕፍትህን በካርቶን አድርጌ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። እህትህ በሕይወት እስካለች ማንም ከቤቱ እንዳያስወጣቸው ውል አጽፌ፣ ሁለት ምስክር ጠርቼ ፈርሜአለሁ። መፈረም የማልችል እንዳይመስልህ። ሰፈሩ ያወራል፤ ያውራ። አክስትህም ዛሬ ነገ ሳትደውልልህ አትቀርም።

ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሩቅ ያለ ሰው ያልወደቀውንም ሲወድቅ ነው የሚያየው። ግን እናትህ ያረፈች ዕለት፣ አንተ አውሮፕላን አጥተህ የቀረህ ጊዜ፣ ከነጭቃ ጫማቸው ከሜዳ ተነሥተው የመጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ለይቼ ለማላውቀው ሰው ልጄን አላስረክብም።

ለባለቤትህ አክብሮቴን አድርስልኝ። የልጅ ልጄን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ነርሷ ሰላም ብላሃለች፤ ስለ ክፍሉ አፍራ ነው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያለችኝ። ዳቦ ጋጋሪውም ሰላም ብሎሃል። እህትህን ምን ልበልልሽ ስላት፣ አንዷን ቃል ከሌላዋ ጋር ለማገናኘት ስትታገል ቆይታ "ይምጣ በለው፤ ወረቀት አይላክ" አለች። እኔ መለመን አልችልበትም፤ የእሷን ነው የጻፍኩልህ።

አባትህ

ከቤት፣ ማክሰኞ ጥር ፲፩ ቀን ተጻፈ።