ሁለት ክፍል የጎመን ቤት ስለ ማፍረስ

ሰኔ 4 ቀን 2004 ዓ.ም.
ጎንደር

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአቶ አለምነህ
ባሉበት፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ

አይደለም! ቤት አይደለም። ቤት ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም፤ ስለዚህ ሳልጠየቅ እመልሳለሁ። ቤት አይደለም፣ የቤት መሠረት አይደለም፣ ወደፊትም ቤት አይሆንም። ጎመን ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁበት። እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከስብሰባ ስብሰባ የሚያመላልስዎ ወገብዎ ሁሉ ደኅና ነው? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ማኅተምዎንም ቀለም አያሳጣው። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በሬ ላይ ያስለጠፉልኝን ወረቀት እስካነብ ድረስ ሸጋ ነበርሁ።

ኩልሱም ነኝ፤ ዳገቱ ላይ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብላ ባለችው ቤት አርባ ዓመት የኖርሁት። ጉልበቴ እስኪከዳኝ በርበሬ ነጋዴ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነውና ስሕተት ካገኙብኝ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝ። ደብዳቤዬን እጅዎ ላይ ላስቀምጥ አራት ቀን ተመላልሻለሁ፤ አራቱንም ቀን «ስብሰባ ናቸው» ተባልሁ። ስለዚህ እርስዎ ሲገቡና ሲወጡ እንዲያዩት፣ ሌላውም ሰው ከእርስዎ ጋር እንዲያየው፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። ቦታ ስለጠበበ የአምናውን የስብሰባ ጥሪ አነሣለሁ፤ ስብሰባው ካላለቀ ይንገሩኝና እመልሰዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእርስዎው ነው። ጥር ላይ እኛን ሴቶቹን አዳራሽ ሰበሰቡና «እናቶቻችን፣ ጓሯችሁን አልሙ!» ብለው ተናገሩ። አጨበጨብን። ከዚያ ሦስት ቀን ፐርማካልቸር የሚሉትን ተማርን። አሠልጣኟ ይመኙሽ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ናት፣ እጇ አፈር የሚያውቅ፤ እንደ ሌሎቹ ጥፍሯን እያየች አታወራም። መሬቱን አትረሱት፣ አታቃጥሉት፣ ራቁቱን አትተዉት፣ ሁሉንም ቀላቅላችሁ ትከሉ ነው ትምህርቱ ባጭሩ። ደግሞ መጀመሪያ ምንም አትትከሉ አለችን። መጀመሪያ ቁጭ በሉና ውኃው በየት እንደሚመጣ፣ በየት እንደሚወጣ፣ ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ እዩ አለች። ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ከሆነ በጽሕፈት ቤትዎ ብዙ የተካኑ አሉ፤ እኔ ግን ሥራዬ ብዬ ስምንት ቀን በርጩማ ይዤ ጓሮዬ ውስጥ ተቀመጥሁ። የልጅ ልጄ ፈህሚያ «እማማ አመማት» ብላ ለእናቷ ዐረብ አገር ደወለች።

ያየሁትን ልንገርዎ። እርስዎ ሪባን የቆረጡለት የድንጋይ ንጣፍ መንገድ፣ አላህ ይስጥዎና፣ እግራችንን ከጭቃ አውጥቶልናል። ነገር ግን ቦይ አልተሠራለትም። ዝናብ ሲመጣ ከላይ ያለው ውኃ ሁሉ በንጣፉ ተንሸራትቶ በእኔ ጓሮ ይገባል፣ አፈሬን ያነሣል፣ ከዚያ ከእኔ በታች ያለችው እቴነሽ ቤት ይገባል። እቴነሽ የሙት ሚስት ናት፣ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር፣ ክፍሏም አንዲት ብቻ። ይህን ይያዙልኝ፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ፤ በቁጥር ካልሆነ አይነበብም ብለውኛል።

አንደኛ፣ ስለ ጭዱ። ወረቀትዎ «ለግንባታ የሚውል ጭድ አከማችተው ተገኝተዋል» ይላል። አላከማቸሁም፤ አነጠፍሁ። አፈሩን አለበስሁት፣ ፀሐይ እንዳያደርቀው። ይመኙሽ ናት ያለችኝ። እርግጥ ነው፣ በእኛ አገር ጭድ ወይ ለከብት ነው ወይ ለጭቃ ምርጊት። እኔ ከብት የለኝም፤ እንግዲህ ምርጊት ነው ብለው ደመደሙ ሰዎችዎ። እቴነሽም ገና ሳነጥፍ በአጥሩ ቀዳዳ አይታኝ «ኧረ አንቺ ኩልሱም፣ በደኅናሽ ነው? ለመሬት ፍራሽ የሚያነጥፍ ሰው አየሁ!» ብላ ስቃብኛለች። እሷ ግን ሳቀች እንጂ ወረቀት አልለጠፈችም። ደግሞ ጥፋቴን ልናዘዝ፤ ጭዱን ሳላራግፍ ስላነጠፍሁት ውስጡ የቀረው ጤፍ በቀለብኝ፣ ቆስጣዬ መሃል ጤፍ ሳርም ሁለት ሳምንት ጎበጥሁ። ትኩስ የዶሮ ኩስም አድርጌ የመጀመሪያውን ሰላጣ አቃጥያለሁ። ጀማሪ ነኝ። በዚህ ቢከሱኝ አፌን ዘግቼ እፈርም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ «መሠረት ቁፋሮው»። ውኃው እየሮጠ እንዳይሄድ ዳገቱን አቋርጦ ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩ በታች በኩል ይቆለላል፣ ቁልሉ ላይ ይተከላል። ውኃው ቦዩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ቦዩ ግን ከአንዱ ጫፍ እስከ አንዱ ጫፍ እኩል ከፍታ መሆን አለበት፤ ስለዚህ እንደ ዳገቱ ይጠማዘዛል። ኧረ በፈጠራችሁ፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ መሠረት ያለው ቤት የት አይታችኋል? ወይስ በዚህ ዕድሜዬ ክብ ግንብ አሠርቼ ከነገሥታቱ አጠገብ የምነግሥ መሰላችሁ? እዚያ ቁልል ላይ ያለው ጎመን፣ ዱባ፣ ሽንኩርት፣ ባቄላ፣ ጤና አዳምና ሁለት የኮክ ችግኝ ነው። ጎመኑ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ግድግዳ ነው ካላችሁ ቀቅላችሁ ብሉት።

ሦስተኛ፣ ስለ «ሕገ ወጥ የቅየሳ መሣሪያው»። ሦስት እንጨት ነው። ሁለቱን እግሩን አንፈራጥጦ እንደቆመ ሰው አስረን፣ አንዱን ወገቡ ላይ አጋድመን፣ ከጫፉ በሲባጎ ድንጋይ አንጠልጥለን፣ እኩል ከፍታውን የምንለካበት ነው። ይመኙሽ በአዳራሹ እርስዎ ፊት አሠርታናለች፤ እርስዎም ሲባጎውን ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል። ደንብ አስከባሪዎችዎ ግን «ይህማ የግንበኛ ቱንቢ ነው» ብለው ለኤግዚቢት ወሰዱት። ድንጋዩንም ጭምር! ከድንጋዩ ጋር ምንም ዝምድና የለኝም፣ ከጓሮዬ ያነሣሁት ነው፤ ነገር ግን መንግሥት ድንጋይ አስሮ ሲወስድ በማየቴ ዕድለኛ ነኝ።

አራተኛውን ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ በተናደድሁ ሰዓት የተጻፈ ነበርና ለሰሌዳ አይሆንም።

አምስተኛ፣ ስለ ሰጠሁት «የእምነት ቃል»። ሰዎቹ የመጡ ቀን ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ወረቀት የያዘ፣ አንዱ አጥር የተደገፈ። ቤት ነው ወይ አላሉም። «እማማ፣ ስንት ክፍል ነው?» ነው ያሉት። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፣ የሚቀልዱ መስሎኝ ጨዋታ ያዝሁ፤ «ሁለት ነው ልጆቼ፤ አንዱን ለጎመን አከራያለሁ፣ አንዱን ለሽንኩርት» አልኋቸው። አጥር የተደገፈው ሳቀ። ወረቀት የያዘው አልሳቀም፣ ጻፈ። ይኸው በሬ ላይ እንዲህ ተለጥፏል፦ «ሁለት ክፍል የሚከራይ ቤት በመገንባት ላይ መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት አምነዋል፤ በሰባት ቀን ውስጥ ቁፋሮው ተደፍኖ መሬቱ ይደለደላል።» ተከራዮቼ የት ሄዱ? ጎመንና ሽንኩርት ምነው ሳይጻፉ ቀሩ? አርባ ዓመት በገበያ ቀልጃለሁ፣ ቀልዴ ግን እስከ ዛሬ ማኅተም ተመትቶበት አያውቅም። ለዚህ ክብር አመሰግናለሁ።

ፊርማውን ስመለከት ደግሞ የእርስዎ ነው። ሣጥኔን ከፍቼ የሥልጠና የምስክር ወረቀቴን አወጣሁ፤ እሱም ላይ ያለው የእርስዎ ነው፣ ወደ ላይ የምትጠመዘዘዋ ጭራው ሳትቀር። አንዱ ወረቀት «በርትተው ይቆፍሩ» ይለኛል፣ አንዱ «ለምን ቆፈሩ» ይለኛል። አንድ እጅ ሁለቱንም እንዲህ አሳምሮ መፈረም መቻሉ ያስደንቀኛል፤ ሲፈርሙ ማንበብ ጨምረውበት ቢሆን ደግሞ የበለጠ በተደነቅሁ።

ስድስተኛ። እዚህ ላይ ነው ይያዙልኝ ያልሁዎ።

ካቻምና ነሐሴ ላይ ውኃው እቴነሽ ቤት ገባ። ከአስር ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ አልጋዋ ላይ ቆማ ነበር፤ የምትፈትለውን ጥጥ በራሷ ላይ ተሸክማ። ጤፏ ረጠበ፣ ቡሆ ሆነ። በማግሥቱ እጇን ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አመጣኋት። «በጀት የለም» ተባልን። አምናም ገባ፣ አምናም መጣን፣ አምናም በጀት የለም። እሺ አልን። ዘንድሮ እኔ በዚህ ጉልበቴ፣ ፈህሚያና እቴነሽ አካፋ ተቀባብለን፣ አሥራ ስድስት ቀን ቆፍረን፣ ከመንግሥት ሳንቲም ሳንጠይቅ ውኃውን አስቆምነው። ባለፈው ዓርብ ያን የመሰለ ዝናብ ሲጥል ቦዩ ሞላ፣ ቁልሉ ያዘ፣ የእቴነሽ ደፍ ደረቅ ነበር። ደረቅ! በአጥሩ ቀዳዳ ጮኻ «ኩልሱም፣ ነይ እይው፣ አቧራ ነው!» አለችኝ። እንዲህ ከደስታ ስትስቅ ከሰማኋት ሁለት ዓመቴ ነው።

አሁን ለመድፈኑ ስድስት ሰው፣ ስድስት አካፋና የውሎ አበል ተገኝቷል። ጎርፉን ለማስቆም በጀት የለም፤ ጎርፉን መልሶ ለመልቀቅ በጀት አለ። አንተ ልጅ፣ እናትህን አውቃታለሁ እኮ፤ ከእኔ በርበሬ ገዝታ ያሳደገችህ ነህ፤ ጉሮሮህን ሲያቃጥልህ ውኃ ያጠጣሁህ እኔ ነኝ፤ ምነው እንዲህ ሆንህ? ሐምሌ ሲገባ ይቺ ሴት እንደገና አልጋዋ ላይ ትቁም ነው የምትለው? ይቅርታ፣ እርስዎ። ነው የሚሉት ማለቴ ነው። አክብሮቴ ለአፍታ ተንሸራቶ ነው፤ ቦይ ስላልተሠራለት ይሆናል።

እንግዲህ ምስጋና። ሰባት ቀን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ለሰላጣ በቂ ነው፣ ለኮክ ግን ሦስት ዓመት ያንሰዋል። የመጡት ልጆች ቦዩን ላለመርገጥ ብለው ችግኙን ስለረገጡም አመሰግናለሁ። መጥተው ማየት ከፈለጉ፣ ወላሂ በሬ ክፍት ነው፤ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ መቶ ሃያ እርምጃ ነው፣ በሚያመኝ ጉልበቴ ቆጥሬዋለሁ። ቦዩ ውኃ ሲሞላ መጥተው ጠርዙ ላይ ይቁሙ። ቤት ነው ካሉ በዚያው ይግቡበት።

ፊርማ የማያልቅበት እጅዎ እንዳይደክም አብዝታ የምትጸልይ፣ በራሷ አንደበት ያመነች፣
ኩልሱም ዐብዱልከሪም

ግልባጭ፦
ለአሠልጣኝ ይመኙሽ፣ የተማርሁትን በተግባር በማዋሌ እንደተቀጣሁ እንድታውቀው
ለእቴነሽ፣ ማንበብ ስለማትችል በአጥሩ ቀዳዳ ጮኼ አነብላታለሁ
በኤግዚቢት ለተያዘው ድንጋይ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ቦዩን ካስደፈኑት በኋላ እባክዎ ለጎርፉም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጻፉለት፣ ማኅተም ያለው። ሰባት ቀን ይስጡት። ስንት ክፍል እንደሚገባም ይጠይቁት። እሱ ግን እንደኔ አራት ቀን ደጅ አይጠናም፤ ደግሞ በዚህ ከቀጠለ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም ከእኛ በታች ነው ያለው፤ ወለሉ ላይ ያሉትን መዛግብት ከ

ፈህሚያ ከበር እየጠራችኝ ነው። ስድስት ሰው አካፋ ይዞ ቆሟል ትላለች። ነገ አልነበር እንዴ ያላችሁት? እቴነሽ ቀድማኝ ወርዳለች፤ እንዝርቷን ይዛ ቦዩ መሃል ቁጭ ብላለች አሉ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውኃ ውስጥ። ድምፅዋ እስከዚህ ይሰማል፤ «አንቺ ኩልሱም፣ መጻፉን ተይውና ነይ ተቀመጪ! ሰፊ ነው!» ትላለች። ጫማዬ የት ገባ። ልሂድ።