ባለጋቢውና የሲኒማው ሌባ

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 58። ከሰዓት።

የአራተኛ ክፍል ደብተር እያረምኩ ነው። ሙቀቱ አይጣል። ር/መምህሩ ብቅ አለ፤ ነገ ከደሴ የሲኒማ መኪና ይመጣል፣ ስለ ወባ ትንኝ ያሳያል፣ እንግሊዝኛውን ለሕዝቡ የምታስተረጉመው አንተ ነህ ብሎኝ ወጣ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ከወባው በኋላ ለሕዝቡ መደሰቻ በሥዕል የተሠራ ፊልም አለ አሉ። አንገቱ ላይ ጨርቅ አስሮ የሚበር ጉልበተኛ። ደብተሬ፣ ይህን ስሰማ ቀዩ እስክሪብቶ ከእጄ ወደቀ። ባለጋቢው ነው። ልጅ ሆኜ እዚሁ ከሚሴ፣ ነጭ አንሶላ ላይ ያየሁት። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ጨርቁ ጋቢ መስሎን። ስንቱ ልጅ ጋቢ አንገቱ ላይ አስሮ ከአገዳ ክምር ዘሎ እጁን ሰበረ። እኔ ጥርስ ብቻ ነው ያጣሁት። እንደ ባለጋቢው የወደድኩት ሰው በዓለም የለም።

እንደ ኡመር የጠላሁትም የለም።

ያው ዕለት፣ ከእራት በኋላ።

ይህን ጽፌልህ አላውቅም። ያኔ የፊልሙ አስተርጓሚ ኡመር ነበር። ከእንግሊዝ ሾፌሮች ጋር ሲዞር ቋንቋቸውን ለቃቅሟል። አባቴ እንድሪስ ደግሞ ጨፋ ሮቢት ገበያ የከብት ደላላ ነበር። ኡመር በሬ ሊሸጥ ሲል አባዬ ለገዢው እውነቱን ነገረው፤ ይህ በሬ ቀንበር ሲጫንበት ይተኛል አለው። በሬው ሳይሸጥ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ሲኒማው መጣ። ባለጋቢው አንድ ባርኔጣ ያደረገ፣ አፍንጫው የረዘመ ሰው አንቆ ወደ ሰማይ ሲያነሳ ኡመር በቆርቆሮ ጡሩምባው ጮኸ። ይህ ሌባ እንድሪስ ደላላው ነው፣ ወደ እስር ቤት እየወሰደው ነው አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ የአባቴ ስም የሲኒማው ሌባ ሆነ። ቀልድ እኮ ነው ይሉታል። የሚያሻሽጠውን በሬ ግን ማን ይመንለት። ስሙ የጠፋ ደላላ ምን ቀረው? አባዬ ገበያውን ትቶ የሰው መሬት በእኩል ማረስ ያዘ። እስከ ዛሬ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7።

አስቀድሜ ልየው ብዬ ተፈራን፣ የመኪናውን ሾፌር፣ ለመንኩት። ሲኒማውንም የሚያሳየው እሱ ነው። የክፍሉን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍነን አየን።

ባለጋቢው እንዲህ አጭር ነበር? ፊቱ ሳንቃ ነው። ከኋላው የሚያልፉት ቤቶች ያው ቤቶች ናቸው፣ እየዞሩ ይመጣሉ። ለዚህ ነው ጥርሴን የሰጠሁት። ግን ከመሬት ሲነሳ እኔም ከአግዳሚው ተነስቻለሁ። ተፈራ ሳቀብኝ። አፈርኩ።

ከዚያ ጆሮዬን አቀናሁ። አሁን እንግሊዝኛ አውቃለሁ። ባለባርኔጣው ሌባ አይደለም! ባለጋቢው ተሳስቶ ነው የያዘው። ሌባው ሌላ ነው፤ ወፍራሙ፣ የገንዘብ ሣጥኑ ጠባቂ ራሱ። ባለጋቢው ሲገባው ይቅርታ ጠይቆ ባለባርኔጣውን ወደ ቤቱ ያደርሰዋል። እስር ቤት የሚባል ነገር ፊልሙ ውስጥ የለም። በሩ ላይ ቆማ የምታለቅስ ሚስት አለች። ኡመር ባሏ ሊታሰር ነው ብሎ አስቆብን ነበር። ለካ በደስታ ነው የምታለቅሰው።

አስደገምኩት። ያው ነው። ኡመር ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ተራው የእኔ ነው። ወፍራሙን ሌባ ማን ብዬ እንደምጠራው አውቃለሁ። ሆዱም ይመስላል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9።

ያሰብኩትን ለልብስ ሰፊው ነገርኩት። ከሚሴ ላይ ለልብስ ሰፊ የነገሩት ሬዲዮ አያስፈልገውም። ጠዋት ነግሬው ከሰዓት ኡመር አስጠራኝ።

አሁን ሐጂ ኡመር ነው። አምና መካ ደርሶ መጥቷል። መንገድ ዳር ትልቅ ሱቅ አለው። ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ፤ ለእኔ፣ ለሌባው ልጅ። ሻይ አስመጣ። ቀስ ብዬ ጠጣሁ። የሚወራው እውነት ነው ወይ አለኝ። ፊልሙ ረቡዕ ጨፋ ሮቢት ይታያል፣ መጥተህ እይ አልኩት። ሸምግያለሁ፣ ልጆች እየዳርኩ ነው፣ አውፍ በለኝ አለ።

አውፍ። ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ ቤት ለቤት ዞሮ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፤ ወጉ ነው። አምና ከሚሴን በሙሉ ሲዞር አይቼዋለሁ። አባዬ ያለበት ጨፋ ግን አልወረደም። የበደልከው እኔን አይደለም ብዬው ወጣሁ። ደስ ሲል! እግሬ መሬት አልነካም።

እሑድ፣ ኅዳር 12።

ጨፋ ወረድኩ። አባዬ ማሽላው መሐል ወንጭፍ ይዞ ወፍ ይጠብቃል። አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ፣ እንደ ወትሮው። ሁሉንም ነገርኩት። ተው ልጄ፣ ለአላህ ስጠው ይለኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቻለሁ።

አንድ ድንጋይ ወደ ወፎቹ ወነጨፈ። በኋላ፣ የሰውዬው አፍንጫ በጣም ረጅም ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ፊልሙን አይቶት አያውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ያላየውን ሰው ስም ተሸክሞ ኖሯል።

ከዚያ፣ አምና ጠብቄው ነበር አለ። ኡመር ሐጅ ሊሄድ ነው ሲባል ንጹሕ ኩታውን ለብሶ ደጅ ተቀምጧል። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ብድግ ብሏል። ቢመጣ አውፍ እለው ነበር አለኝ። ይህን ብሎ ወደ ወፎቹ ዞረ።

  አይ ኡመር።

ስሙን በወፍራሙ ላይ መለጠፍ አነሰኝ። በአፉ ያበላሸውን በአፉ ይመልስ። ላክሁበት፤ ረቡዕ ጡሩምባውን የሚይዘው እሱ ነው። እምቢ ካለ ወፍራሙን በስሙ እኔ እሰይመዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16።

ትናንት። ገበያው ሲበተን አንሶላው ተሰቀለ። ሐጂ ኡ. ነጭ ጥምጣም አድርጎ መጣ። አባዬን ከፊት አስቀመጥኩት። የወባውን እኔ ጨረስኩ። ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም። ከዚያ ጡሩምባውን ሰጠሁት።

ባለጋቢው ባለባርኔጣውን ሲያነሳ ሕዝቡ መሳቅ ጀምሮ ነበር። ኡመር እንዲህ አለ፦ "ይህ ሰው ሌባ አይደለም። እንድሪስም ሌባ አይደለም። እያወቅሁ ነው የዋሸሁት።" በኦሮምኛም ደገመው። ሳቁ ሞተ። የሲኒማው መብራት ሞተር ብቻ ይጮሃል።

ሲያልቅ መጥቶ የአባዬ ጉልበት ላይ ተደፋ። እንድሪስ፣ አውፍ በለኝ አለ። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል። አባዬ ያነሳዋል ብዬ ነበር፤ ዶሮ እንኳ ማረድ የሚከብደው ሰው ነው።

"ሰማሁህ ኡመር" አለው። "ያ ስም ግን እዚህ አልቀረም። ሰንበቴ ገበያ ደርሷል፣ ባቲ ደርሷል። ቃልህም እዚያ ይድረስ። ያኔ አውፍ እልሃለሁ፣ ወላሂ።"

በትሩን ይዞ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ሐቅ ነው አሉ። በቀል የማውቅ እኔ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 17። ጠዋት።

መኪናው እሑድ ሰንበቴ ነው፣ ሰኞ ባቲ። ተፈራ ቦታ አለ ብሏል። ር/መምህሩ ፈቃድ የለም አለ። እሄዳለሁ፤ ካባረረኝም ያባርረኝ።

ሐጂ ኡ. እሺ ብሏል፤ ከኋላ፣ ከሞተሩ ጋር ይጫናል። አባዬ ከፊት፣ በመስኮቱ በኩል። ዛሬ ማለዳ ሰው ልኮብኝ ነበር፤ ፊልሙን ስንት ጊዜ ማየት ይቻላል ይላል። እስክትጠግብ ብዬ ላክሁ።