ቢንቢ በወንፈል

ማክሰኞ

ዛሬ ቀዩን በተቀባውም ነጩን በተቀባውም ላይ እኩል ቢንቢ ሰፈረ። ተናድጃለሁ። ትናንት እኮ ልዩነቱ ፊት ለፊት የሚታይ ነበር!

ሁለት ጠርሙስ አለኝ። አንዱ ቀይ ክዳን፣ አንዱ ነጭ። በአንዱ የቢንቢ መከላከያ ቅባት፣ በሌላው ተራ ዘይት አለ። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ወረታ ከተማ ያለው አለቃዬ ብቻ ነው። ቁሐር ሚካኤል፣ ከሩዙ ማሳ ዳር፣ አራት ሰዎች ጀምበር ስትጠልቅ ተቀብተው እግራቸውን እስከ ጉልበት ገልጠው ይቀመጣሉ። የወባ መከላከያ ክኒን ውጠዋል። ቢንቢ ሲያርፍባቸው በቱቦ ስበው ብርጭቆ ውስጥ ይከታሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ። ሰኞ ቀዩ የደረሳቸው መሪጌታና ጎረቤታቸው እንየው ተዝናንተው ሲያወሩ፣ ነጩ የደረሳቸው እትየ ጥሩና አያ ሙጬ ለቢንቢው ሁሉ በቱቦ መድረስ አቅቷቸው ነበር።

ካልሠራ ቅባቱ ለዚህ አገር አይመጣም። ሩዙ ደግሞ አፍርቷል፤ ወፍ ጠባቂው ሁሉ እስኪመሽ ማማ ላይ ነው። አምና ታናሽ ወንድሜን ወባ የጣለው እዚያው ማማ ላይ ነው። ለጥቂት ተረፈ።

ረቡዕ

ዛሬም እኩል። የጠረጠርሁት፦

ፀሐይ አበላሽቶት ይሆን?
ጠርሙሶቹን አለዋውጬ ይሆን? (እኔ? አላደርገውም። ግን ሁለት ጊዜ አየሁ።)
መሪጌታ ጠዋት ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደው ነበር። "አጠቡታ!" ብዬ ደስ አለኝ። የሚቀቡት ግን ማታ ነው። ሞኝ!

ቤት ገብቼ ቀዩን በቀኝ እግሬ፣ ነጩን በግራዬ ተቀብቼ ደጅ ተቀመጥሁ። ቀኙን ቢንቢ ዞር ብሎም አላየው። ይህን የምጽፈው ግራዬን እያከክሁ ነው። ቅባቱ ይሠራል! ታዲያ ሰዎቹን ምን ነካቸው?

ሐሙስ

ደረስሁበት። ቅባቱን በየመዳፋቸው ሰጥቼ እንደ ልማዴ ብርጭቆዎቹን ላመጣ ሄድሁ። አንድ ነገር ረስቼ ስመለስ አራቱም ተጠጋግተው፣ ቅባቱን ሁሉ በአንድ ጣሳ ክዳን ቀላቅለው እየተካፈሉ ይቀባሉ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" ብዬ ጮህሁ። በታላላቆቼ ላይ!

መሪጌታ ምንም አላፈሩም። "ሰኞ ጥሩን ቢንቢ ሲበላት እኔ ተመችቶኝ ተቀመጥሁ። በምን ዓይኔ ነው የማያት?" አሉ።

እትየ ጥሩም ቀበል አድርገው፣ "አብረን አርመን፣ አብረን አጭደን፣ በቢንቢ ነው የምንለያየው?" አሉኝ።

ሳልሰናበታቸው መጣሁ። ነገ አለቃዬ ደብተሩን ይፈልጋል። የሦስቱን ቀን ቁጥር የሰኞውን አስመስዬ ብጽፈው ማን ያውቃል? ይሠራል እኮ፤ በእግሬ አይቼዋለሁ። እርሳሱን አነሳሁ። አስቀመጥሁ። ደግሞ አነሳሁ።

ዓርብ

እውነቱን ነገርሁት። አለቃዬ መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ እንደገና ጮኸ። አንድ ሳምንት ጨመረልኝ። ዳግመኛ ከተቀላቀለ ግን ቁሐር ከሙከራው ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ አራቱንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ለምን መቀላቀል እንደሌለበት አስረዳኋቸው። ስለ ወንድሜም ነገርኋቸው። አያ ሙጬ፣ "አየ ልጄ፣ መጀመሪያ እንዲህ አትይም? ወንፈል ነዋ!" አሉና ወደ እንየው ዞረው፣ "ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። ዛሬ ነጩን እኔ፣ ነገ አንተ" አሉ።

የምቆጥረው በክዳኑ ቀለም ነው፤ ሰው ቢፈራረቅ ምንም አይበላሽም፣ እንዲያውም ይሻላል። ይህ እንዴት ለእኔ አልታየኝም?

ቅዳሜ

ተራው ተጀመረ። ቀዩ ለእትየ ጥሩና ለእንየው፣ ነጩ ለመሪጌታና ለአያ ሙጬ።

አንድ ሰዓት ላይ የአያ ሙጬን እግር ቢንቢ ወረረው። አንዱን በቱቦ ሲስቡ ሌሎቹ ይነክሷቸዋል። እትየ ጥሩ ማየት አቅቷቸው ፊታቸውን አዞሩ። ማንም ግን ከቦታው አልተነሳም።

እኔ ነኝ ያልቻልሁት። ሳላስበው ቀዩን ጠርሙስ አንስቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ።

አያ ሙጬ ቀና ብለው አዩኝ። "ተይ ልጄ፣ ተራየን አትንኪብኝ" አሉኝ።

ክዳኑን መልሼ ገጥሜ ቆጠራዬን ቀጠልሁ። የነጩ ገጽ ሞላ፤ በቀዩ ጥቂት ነው። ነገ ቀዩ የእሳቸው ነው። እስከ ነገ ማታ እንዴት እንደምቆይ እንጃ።