በሰው እግር አሥራ አራት ሺህ እርምጃ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ዳይሬክተር
አምስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ የተሰጠኝን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በምስጋና ስለ መቀበል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እኔ የመሥሪያ ቤቱ የስፖርት አሠልጣኝ፣ ከምድር ቤት፣ ከመዝገብ ቤቱ ጎን ካለችው ጠባብ ክፍል ሆኜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል እላለሁ። ባለፈው ወር የልብዎ ምት ተዛብቷል የሚል ወሬ ሲሰማ ሁላችንም ደንግጠን ነበር፤ ሦስት ሐኪሞች ተሰብስበው ከመረመሩዎት በኋላ የሃያ ዓመት ወጣት ልብ አለዎት ማለታቸውን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ከራስዎ አንደበት ስንሰማ ደግሞ እፎይ ብለናል። እርምጃ ቆጣሪው ሰዓት ባያስጠነቅቅዎት ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር ሲሉ ያጨበጨብነው ከልባችን ነው። ስለዚሁ ሰዓት ጥቂት የምጨምረው ስላለኝ ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ድረስ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ እርስዎና፣ ምክትልዎን ጨምሮ፣ አሥሩ የክፍል ኃላፊዎች በየቀኑ አሥራ አራት ሺህ እርምጃ እየተራመዱ፣ በስድስት ወር ውስጥ አንድም ሰው አንድ ኪሎ አለመቀነሱን፣ ይልቁንም በጠቅላላው ሠላሳ አንድ ኪሎ መጨመሩን ጠቅሰው፣ ችግሩ የሥልጠናው ጥራት ጉድለት እንደሆነ ደርሰውበታል። በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ አጥጋቢ ማብራሪያ ካላቀረብኩ ውሌ እንደሚቋረጥ፣ የሥልጠና ክፍሏም የአሮጌ ወንበሮች ማከማቻ እንደምትሆን፣ የተፈለገው ውጤት እስኪመጣ ድረስም ከመጪው ወር ጀምሮ የቀኑ እርምጃ ወደ ሃያ ሺህ ከፍ እንደሚል አስታውቀውኛል። ስለ ውሌ አልከራከርም፤ ወንበሮቹም ቢሆኑ ከሠልጣኞቼ ያላነሰ ስለሚንቀሳቀሱ ክፍሏ ትገባቸዋለች። ይህን ሁሉ የምጽፈው ሃያ ሺህ የምትለዋን ትእዛዝ እንዲሰርዙልኝ ብቻ ነው። ምክንያቴን እነሆ በተራ ቁጥር።

፩. መጀመሪያ ስለ ሰጡኝ ሠልጣኞች ላመስግን። የዕቅድ ክፍል ኃላፊው የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ሳይመጡ ቆይተው፣ በመጨረሻ የአሥራ ስምንት ገጽ የአካል ብቃት ዕቅድ ይዘው ብቅ አሉ፤ በሰነዱ መሠረት ዘንድሮ የዝግጅት ምዕራፍ ስለሆነ ላብ የሚጀምረው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሩብ ላይ ነው። የሕግ ክፍል ኃላፊዋ ቁጭ ብድግ ሥሩ ሲባሉ የቁጭታውን ክፍል በሚገባ ከተወጡ በኋላ፣ ብድግታውን በተመለከተ በውላቸው ላይ የሰፈረ ግዴታ እንደሌለ ቁጭ ብለው ሲያስረዱኝ ሰዓታችን አለቀ። የግዥ ክፍል ኃላፊው ተስማሚ የስፖርት ጫማ በጨረታ እስኪገኝ ድረስ በነጠላ ጫማ መጥተው ምንጣፉ ላይ ጋደም ይላሉ፤ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዷቸው ቀስቅሻቸዋለሁ፤ በሦስተኛው ግን ማንኮራፋታቸው የትንፋሽ ልምምድ ነው ብዬ ተውኳቸው። ምክትልዎ ደግሞ የመሮጫ ማሽኑን እጅግ ይወዱታል፤ ኮታቸውን እርሱ ላይ ካልሰቀሉ ደስ አይላቸውም። የቀሩትን ኃላፊዎች በእግር በፈረስ ፈልጌ አንዳንዴ በር ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ሁሉም ከሰኞ ጀምሮ እንደሚመጡ ይነግሩኛል፤ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ጠይቄ ግን አላውቅም፤ ባለሥልጣን አይጠየቅም ብዬ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ሰነፍ ሠልጣኝ አይቼ አላውቅም አልልም፤ ሰነፍ ሠልጣኝ የዳቦዬ ምንጭ ነው። ሰነፍ ሠልጣኝ ግን ቢያንስ ሲሰንፍ ያፍራል።

፪. ስለ ሊፍቱ። የተከበሩት ኃላፊዎች ለእግር ጉዞ ልምምድ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት የሚወርዱት በሊፍት ነው። በሊፍቱ በር ላይ «ለኃላፊዎችና ለእንግዶች ብቻ» የሚል ጽሑፍ ስላለ፣ ደረጃው ኃላፊም እንግዳም ላልሆኑት ሰዎች ተትቷል። ይህን ነጥብ ያለ ምክንያት አላነሳሁትም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

፫. ክቡርነትዎም ከሥልጠና አልጎደሉም። ክፍሏ በተመረቀችበት ዕለት ሙሉ ልብስዎን እንደለበሱ መጥተው፣ ሁለት ኪሎ የምትመዝነውን ብረት ወደ ላይ አንሥተው ፎቶ ተነሥተዋል። ፎቶው በዋናው መግቢያ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ብረቷን ካስቀመጡበት አላነሣኋትም፤ ሲመለሱ እንዳይፈልጓት ብዬ ስድስት ወር ሙሉ አቧራዋን እየጠረግሁ እጠብቃለሁ።

፬. አሁን ወደ ሰዓቶቹ ልምጣ። አሥራ አንድ እርምጃ ቆጣሪ ሰዓት ተገዝቶ ለእርስዎና ለኃላፊዎቹ ሲታደል፣ ቁጥሩም በየሳምንቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጠፍና በዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ እንደሚያዝ ሲነገር፣ እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ነበር። ቁጥሮቹም አላሳፈሩኝም። ከእኔ ዘንድ ሁለት መቶ እርምጃ ለመሄድ የሚያቃስቱ ሰዎች በሰሌዳው ላይ በቀን አሥራ አራት ሺህ ይራመዳሉ። የአሥራ አንዱም ቁጥር የሚለያየው በአሥርና በሃያ እርምጃ ብቻ ነበር፤ እኔም የቡድን መንፈስ ብዬ አደነቅሁ። ለቤተሰቦቼ አወራሁ። ሠልጣኞቼ እኔን አፍረው በድብቅ ይራመዳሉ ብዬ በራሴ ኮራሁ። ስለዚህ ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበት፤ ሰው የሚወደውን ቁጥር አይመረምርም። እርስዎ በሐኪም ትእዛዝ አሥር ቀን ከአልጋ ሳይነሱ ባረፉበት ጊዜ እንኳ በሰሌዳው ላይ አንደኛ ወጥተው «በሕመም ወቅትም ላልተቋረጠ ጥረት» የሚል የምስክር ወረቀት ሲሰጥዎት፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ።

እውነቱን ያወቅሁት ባለፈው ረቡዕ ነው፤ ያሳወቀኝም የእርስዎ ማስጠንቀቂያ ነው። ደብዳቤውን ያመጡልኝ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ተላላኪ ናቸው። እማማ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ የዚህን ቤት ወረቀት ሁሉ ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ፣ ከአምስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት የሚያመላልሱት እርሳቸው ናቸው፤ ኃላፊም እንግዳም ስላልሆኑ በደረጃ ነው። ደብዳቤውን ሰጥተውኝ ትንፋሽ አጥሯቸው አግዳሚዋ ላይ አረፍ አሉ። ሙቀት ስለነበረ የጋውናቸውን እጅጌ ሰብሰብ ሲያደርጉ፣ በግራ ክንዳቸው ስድስት፣ በቀኝ ክንዳቸው አምስት ሰዓት ታስሮ አየሁ።

አደራደሩም በማዕረግ ነበር። የአሥሩ ኃላፊዎች ሰዓት ከክርን እስከ እጅ አንጓ ድረስ በሹራባቸው ላይ ታስሯል፤ የእርስዎ ግን የተከበረ ስለሆነ እንዳይቧጨር ብለው ከሹራቡ ሥር፣ በግራ እጃቸው አንጓ ላይ፣ ቆዳቸውን አስነክተው አስረውታል። ጠዋት ጠዋት ከየጸሐፊዎቹ እጅ ይቀበላሉ፤ ማታ ማጽጃ ጨርቅ ይዘው እየወለወሉ ይመልሳሉ። የመጀመሪያውን ሰዓት የሰጧቸው ምክትልዎ ናቸው፤ «እርስዎ እንደሆነ መዞርዎ አይቀርም» ብለው። ሌሎቹም ሲሰሙ ተከተሉ። የእርስዎን ያመጡት ጸሐፊዎ ናቸው፤ እርስዎ ቁጥሩ እንዳይቋረጥ አድርጊ ብለው አዘዋል፤ እንዴት እንደማይቋረጥ ግን አልጠየቁም። እማማ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር የሚል ካለ፣ ውላቸው በየስድስት ወሩ የሚታደስ መሆኑንና የሚያድሱትም እነዚሁ ባለሰዓቶች መሆናቸውን ያስታውስልኝ።

ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ኪሎው መጨመሩንም፣ ጥፋተኛው እኔ መሆኔንም ነገርኳቸው። እማማ ግን እንደ እኔ አልተናደዱም። ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ልጄ፣ መንገዱን እኔ ሄድኩላቸው፤ ምግቡን ግን ራሳቸው ነው የበሉት» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ የጠየቁኝ አጥጋቢ ማብራሪያ ይኸው ነው። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት የሙያ ልምዴ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የሰው እርምጃም አያከሳም።

፭. ሃያ ሺህ የምትለው ትእዛዝ ስትወጣ እርስዎ ወንበርዎን፣ ኃላፊዎቹም ወንበራቸውን አይለቁም። የሚጨመረው ስድስት ሺህ እርምጃ በሙሉ የሚወድቀው በሁለት ያበጡ ጉልበቶች ላይ ነው። እማማ ትእዛዙን እንደ ሰሙ ከሥራ ሰዓት በኋላ ግቢውን እየዞሩ ማሟላት እንደሚችሉ አስበዋል፤ ቁጥሩ ቢጎድል የሚወቀሱት እርሳቸው እንደሆኑ ያውቃሉና። ስለዚህ ትእዛዙን እንዲሰርዙ፣ አሥራ አንዱን ሰዓቶች ወደየባለቤቶቻቸው ክንድ እንዲመልሱ፣ በሊፍቱ በር ላይ ያለውን ጽሑፍም እንዲያስነሡ በትሕትና እጠይቃለሁ። እማማን መቅጣት የሚያስብ ካለ እኔ አስቀድሜ ማስጠንቀቂያ ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ቅጣቱ ከእኔ ፋይል ጋር ቢያያዝ ወረቀት ይቆጥባል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እማማ ፈቅደውልኝ ነው፤ «እኔ እንኳ ብዙ ወረቀት አመላልሻለሁ፤ ስለ እኔ የተጻፈ ግን አልነበረም» ብለዋል።

በመጨረሻም፣ ለስድስት ወር የሥራ ዘመን፣ ለክፍሏ፣ ለማይነቃነቁት ሠልጣኞቼና ባለቤቷን ለምትጠብቀው የሁለት ኪሎ ብረት ያለኝን የማይነጥፍ ምስጋና እያቀረብኩ፣ ለክብርዎ ረጅም ዕድሜና የማይደክም ወንበር እመኛለሁ፤ የሚያገለግሉዎት ጠንካራ እግሮችም አይጥፉብዎ።

በታላቅ አክብሮት፣ ቆሜ የጻፍኩት
የመሥሪያ ቤቱ የስፖርት አሠልጣኝ (እስከ ረቡዕ)

ግልባጭ፦
ለአሥሩ የክፍል ኃላፊዎች፣ በሊፍት
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከእርምጃው ሠንጠረዥ ጎን
ለመዝገብ ቤት
ይህን ደብዳቤ ለማድረስ እማማ አልተላኩም፤ ደረጃውን ወጥቼ ያደረስኩት ራሴ ነኝ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመግቢያዬ ስለ ልብዎ የጀመርኩትን ልጨርስ። ከአሥራ አንዱ ሰዓቶች ቆዳ የሚነካው የእርስዎ ብቻ ስለሆነ፣ የልብ ምት የመዘገበውም የእርስዎ ብቻ ነው። የመረጃ ክፍሉ በቀይ አስምሮበት ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀመጠው፣ እርስዎም ይዘውት ወደ ሐኪም የበረሩበት መዝገብ ባለፈው ወር የአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የተመዘገበ ነው። በዚያ ሰዓት እርስዎ ተቀምጠው ስብሰባ ይመሩ ነበር፤ እማማ ደግሞ የስብሰባውን ሰነድ ተሸክመው ወደ አምስተኛ ፎቅ ይወጡ ነበር። ሰሌዳው ላይ ስምዎን ደጋግመው ከማየት ብዛት ሰዓቱ እጅዎ ላይ እንደሌለ ዘንግተውት ይሆናል፤ በሰው ይደርሳል። እኔ የእማማን እጅ ይዤ በሁለት ጣቴ ምቱን ቆጥሬዋለሁ፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል። ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ወስጃቸው ለልብ ሐኪም የተሰጣቸው ቀጠሮ ከአራት ወር በኋላ ነው። የእርስዎ ሐኪሞች ያንን መዝገብ አይተው አሥር ቀን ዕረፍትና የክትትል ቀጠሮ ያዘዙት ለእማማ ልብ ነው፤ ዕረፍቱን ግን የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ቀጠሮው ገና አላለፈም፤ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እማማን ይዣቸው የምሄደው እኔ ነኝ። ከእርስዎ የሚፈለገው ቀጠሮው ወደ ልቡ ባለቤት ይዛወር የሚል አንድ ፊርማ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከወንበርዎ መነሣት አያስፈልግዎትም።