የሰረዝኋቸው ባዶ ቀኖች

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የአንድ ዓመት ከአራት ወር ዝምታ በአንድ ወረቀት እንደማይጠገን አውቃለሁ። ቢሆንም ሠላሳ አራት ዓመት ተማሪዎቼን «የጀመራችሁትን ጨርሱ» እያልሁ የኖርሁ ሰው፣ የራሴን ጉዳይ በእንጥልጥል ትቼ ማርጀት አልፈልግም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ከጫካው የሚለየን አጥር ከርከሮዎቹ እየገፉት ወደ ድንቹ መደብ አጋድሏል፤ ድንቹን ራሱን ጃርቶች ከእኔ ቀድመው ይሰበስቡታል። ጠረጴዛሽን ከኋላው መስኮት ሥር አላነሣሁትም። ጦጣዋ በዚያ መስኮት ገብታ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ሁለተኛ ምዕራፍ ይዛ ጣሪያ ላይ የወጣችበት ዕለት ትዝ ይልሻል? እኔ ቆርቆሮውን በከዘራ ስደበድብ አንቺ ግቢው መካከል ተቀምጠሽ በሳቅ ፍርስ አልሽ።

«ተዋት አባዬ! ከአማካሪዬ እሷ ትሻላለች፤ ቢያንስ ገጹን ትገልጣለች።»

እኔ አልሳቅሁም። መሳቅ ነበረብኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ገና ሳይነጋ እየተነሣሽ፣ ወደ ኩሬው የሚወርዱትን ድኩላዎች ስትቆጥሪ አይሽ ነበር። ከዚያ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ከዚያ ደግሞ እስኪመሽ ጽሑፍ። ደብተሮችሽ ግን ጭቃና ሻይ የጠጡ ነበሩ፤ መስመራቸው የተንጋደደ፣ እርሳሳቸው የደበዘዘ። ባየኋቸው ቁጥር ያንገበግበኝ ነበር። ለማስተማር ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደሽ አንድ ወር በቆየሽበት ጊዜ ሰባቱንም በንጹሕ ገለበጥሁልሽ። «ምንም አልታየም።» «ዛሬም ምንም።» «ምንም።» ገጹ ሁሉ በዚህ የተሞላ ነበር። አንባቢን የሚያሰለች ድግግሞሽ መስሎኝ ባዶዎቹን ቀኖች ከነቀን ቁጥራቸው አወጣኋቸው፤ ድኩላ የታየባቸውን ብቻ በተራ ቁጥር አሰለፍሁ። የቀድሞዎቹን ደብተሮች ምድጃ ውስጥ ጨመርኋቸው። ሽልማት እንደሚጠብቅ ተማሪ መምጫሽን ስቆጥር ሰነበትሁ።

«አባዬ፣ ደብተሮቼስ?» አልሽ፣ ሻንጣሽን ሳታስቀምጪ።

«አቃጠልኋቸው። ይኸው፣ በንጹሕ ጽፌልሻለሁ።»

ቆመሽ ገለጥሽ። «ባዶዎቹ ቀኖችስ?»

«ምን ይሠራሉ? ምንም የለባቸውም እኮ!»

«ጥናቱ እኮ እነሱ ናቸው» አልሽ፣ ድምፅሽ እየሰለለ። «እንስሶቹ መቼ መቅረት እንደጀመሩ ነው የማጠናው።»

ያን ጊዜ ዝም ብል ይሻል ነበር። እኔ ግን «ነገር አታጋንኚ» አልሁሽ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽ ገምጋሚዎች የመጀመሪያውን መዝገብ ሲጠይቁሽ «ጠፋብኝ» እንዳልሽ፣ እነሱም ለድምዳሜሽ የሚመቹትን ቀኖች ብቻ መርጠሽ ሌላውን ደብቀሻል ብለው ሥራሽን እንዳገዱት፣ ልብስሽን ልትወስጂ የመጣሽ ዕለት በሩ ላይ ነገርሽኝ። እነሱ ፊት ስሜን አላነሣሽም። እኔም «ልሂድና ልንገራቸው» አላልሁም። በዚህ አገር ትልቁም ትንሹም «መምህር» እያለ ባርኔጣውን ያነሣልኛል፤ ያንን ማጣት ፈራሁ። ልጄ በሐሰት ስትጠረጠር እኔ ክብሬን ይዤ ቤቴ ቀረሁ። እውነቱ ይህ ነው።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጧት ጧት በወንበርሽ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። ባለፈው ሳምንት የደን ጠባቂው በአጥሩ በኩል አየኝና ይስቅብኝ ጀመር።

«መምህር፣ ድኩላውስ ጠፋ፤ እርስዎን እንቁጠር እንዴ?»

«ቁጠረኝ» አልሁት። «አንድ።»

ሳቁን አቋርጦ ትንሽ አብሮኝ ቆመ።

አብዛኛው ቀን ባዶ ነው። «ምንም አልታየም» ብሎ ለመጻፍ ለካ ሙሉ ጧት ተቀምጦ መጠበቅ ያስፈልጋል! እኔ በአንድ ጭረት የሰረዝሁት ያንን ነው። ድኩላው ያልመጣበትን ቀን አሁን እጽፋለሁ፤ ስልኩ ሳይጮኽ የዋለበትን ቀን ግን የምጽፍበት ደብተር የለኝም።

ትናንት በሕዝብ መኪና ተሳፍሬ አማካሪሽ ቢሮ ሄድሁ። ያደረግሁትን ሁሉ በእጄ ጽፌ ፈርሜበት ነበር፤ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ለዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ላቅርበው? ስምዎ በሁሉም ፊት ይነሣል።»

«ይነሣ።»

«እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አሉኝ።

ሥራሽ እንደገና ይታያል ብለው ተስፋ አልሰጡኝም፤ ጉባኤው አንቺን ጠርቶ ሳይሰማ አይወስንም። የጠፋው ሁለት ዓመት እንደማይመለስም አውቃለሁ። ተመለሺ ለማለት አፍ የለኝም፤ ይቅርታሽንም በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅሽም፤ እሱን ፊትሽ ቆሜ ነው የምጠይቀው፣ ከፈቀድሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ጉባኤው ፊት አቁመው «አባትሽ የጻፉት እውነት ነው?» ሲሉሽ፣ አውቅሻለሁና፣ ልትከላከዪልኝ ትሞክሪያለሽ። «አርጅቷል፤ ተሳስቶ ነው» ልትዪ ትችያለሽ።

አትበዪ፣ ልጄ። «እውነት ነው» በያቸው።

አባትሽ